መቋሚያው ጋራዥ የገባ ሰሞን

ባለፈው እሑድ አማቻችን ገመቹ ስልኩን ይዞ መጣና ከባለቤቴ ከግርማ አጠገብ ቁጭ አለ። ገመቹ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር እንግዳ የሚያንሸራሽርባት ትንሽ ጀልባ አለችው። እሷን በተሳቢ እየጎተተ የሚያወጣና የሚያስገባ አሮጌ መኪና ሊገዛ ፈልጎ ሁለት ፎቶ አምጥቷል። መኪናዎቹ ስማቸውም ፊታቸውም አንድ ነው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ ልዩነታቸው ይኸው ነው። «ጋሼ፣ ለቀላል ጉተታ የትኛው ይሻለኛል?» አለው። ግርማ ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ስለ መኪና ከጠየቁት ወጥ እስኪቀዘቅዝ አያቆምም። ያን ቀን ግን ስልኩን ተቀብሎ አየ፣ አየ፣ መልሶ ሰጠውና «እስቲ ልሰብበት፣ ኢንጂነሩ» አለ። ኢንጂነሩ ነው የሚለው፤ ልጃችንን ሜሮንን ካገባ ጀምሮ አንድም ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። እኔ ከወዲያ ሆኜ አየሁት፤ እሱም አየኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ምን ትዝ እንዳለው አውቃለሁ። ለእኔም የናፍጣው ሽታ ከእርጥብ ደንገል ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ያኔ የባሕር ዳር ዘንባባዎች ገና ልጆች ነበሩ፤ እኛም እንደዚያው። ፈረቃ ሲለወጥ የፋብሪካ ሠራተኛው በብስክሌት መንገዱን ሞልቶት ሲወርድ፣ የደወሉን ድምፅ የሰማ በዓል ነው ይል ነበር። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ሽመና ክፍል ነበርሁ፤ ከሥራ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ማሽኑ እስከ ማታ ይሠራል። ወንዱ ካኪ ይለብሳል፤ ትንሽ ደህና የሆነው ቴትሮን ሸሚዝ አለው፤ እኔም አንዲት አበባማ ቀሚስ ነበረችኝ፤ ለሠርግም ለክርስትናም ለስብሰባም እሷው ናት። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው። ዓሣ ግን ከፈለጉ ሐይቁ ዳር በሳንቲም ይጠበስልዎታል፤ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ሎሚውን ከላይ ጨምቀው። ጥጉ ላይ ያለችው ቡና ቤት ቴፑን በር ላይ አውጥታ ክራር ታስደምጣለች፤ እኛ መግባቱ ባይሆንልንም መንገድ ተሻግረን ቆመን እንሰማለን። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ደግሞ ሁሉም ሮጦ ቤቱ። ስለዚያ ዘመን ሌላ ሌላውን የሚያወሩ ብዙ አሉ፤ እኔን ተዉኝ፣ ስለ መኪና ላውራ።

ግርማ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ፋብሪካው ውስጥ መካኒክ ሆኖ መጣ፤ ሽመና ክፍል የተበላሸ ማሽን ሲጠግን ነው የተዋወቅነው፤ በኋላማ ያልተበላሸውንም ሊጠግን ይመጣ ጀመር። አባቴ መሪጌታ ይባቤ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ድጓ ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ከቅኔ ማሕሌት ወጥቶ ሐይቁ ላይ ይሰማል የሚባልላቸው። ግርማ ሽማግሌ ብሎ የላከባቸው የፋብሪካ ጓደኞቹን ነው፤ ትልቁ ሠላሳ ዓመት ይሞላው እንደሆነ እንጃ። ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው፣ ምን ያድርግ። እሱ ራሱ በኋላ ገብቶ እጅ ሲነሣ፣ በአገሩ ልማድ «እንዴት ነህ አባባ» አላቸው። እኔ ከጓዳ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አባባ ሰው አክባሪ ናቸውና እንዳልሰማ አለፉት፤ በመጨረሻም ልጄ ከወደደች ብለው ፈቀዱ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ግርማን «ባለቤትሽ» ነው የሚሉት። እፊታቸው ቁጭ ብሎ እንኳ «ባለቤትሽ እህል ቀመሰ?» ብለው እኔን ይጠይቃሉ። ግርማ ቀልዶ ያልፈዋል፤ ማታ ግን ጣራ ጣራ እያየ ይተኛል። ልጅ ወለድን፣ አደገች፤ እሳቸው ዘንድ ግን ያው ባለቤትሽ ነው።

አንድ ክረምት አባባ ከታንኳ ወደ ድንጋዩ ሲወርዱ አዳለጣቸውና ወደቁ። ባሕር ዳር ሆስፒታል አምጥተን ዳኑ፤ ዳኑ ማለት ግን አጥንቱ ገጠመ እንጂ ቀኝ እግራቸው እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ አይታጠፍም። እኛ ቤት ሆኑ። በየጊዜው ለምርመራ ሆስፒታል መመላለስ አለ፤ በፈረስ ጋሪ ብንወስዳቸው መንገዱ እያነጠረ አጥንታቸውን አሳመማቸውና ሁለተኛ ጋሪ አታሳዩኝ አሉ። በቃሬዛ ብንላቸው ገና አልሞትሁም አሉ። ወደ ዘጌ የሚሄደው ትልቁ ጀልባ ላይ አንድ ቀን ልናሳፍራቸው ሞክረን ነበር፤ መሰላሉን መውጣት አቅቷቸው ወዛደሮች እንደ ጆንያ ሊያነሷቸው ሲሉ፣ በሰው ፊት እንባቸው መጣ፤ መልሱኝ አሉ። በየብስ ደግሞ ያኔ ዘጌ መኪና የሚያስገባ ደህና መንገድ አልነበረም። አባባ ከዚያ በኋላ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥምቀት። ደቀ መዛሙርቴ ያለ እኔ ታቦቱን ሊያወጡ ነው ወይ ይላሉ። «ብርቄ፣ ለጥምቀት ዘጌ ካልቆምሁ፣ ሌላ ጥምቀት የማገኝ አይመስለኝም» አሉኝ አንድ ቀን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

በነጋታው ከሥራ ሲመለስ አሮጌ በርሜል እየገፋ መጣ። ሌላ ቀን ሌላ በርሜል። በርሜሉን ቀዶ፣ ላሜራውን ቀጥቅጦ አስተካክሎ፣ የብየዳ መሣሪያ ተውሶ፣ ግቢያችን ውስጥ የብረት ጀልባ መሥራት ጀመረ። እንግዲህ አስቡት፤ ቤታችን ከሐይቁ ሩቅ ነው፤ ከፋብሪካው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ መኪና በጭንቅ የሚያሳልፍ ጠማማ ቅያስ ውስጥ። የሐይቅ አገር ሰው ጀልባ የሚሠራው ውሃው ዳር ነው፤ የድሬ ሰው ግን ብየዳው ቤት ነው ያለው ብሎ ቤት ሠራ። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲስቅ ከረመ። ኖኅ አሉት። ዝናቡ መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይጠይቁታል። እሱ ጥርሱን ነክሶ ይበይዳል። እኔም ስቄበታለሁ፤ አልዋሽም። አንድ ከሰዓት ግን ቀርቤ ሳይ፣ ከጀልባው ግራ በኩል አንድ ረጅም መቀመጫ አለ፤ እንደ መደብ የረዘመ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ አንድ ሰው ሳይነሣ ከጎኑ ተንሸራቶ የሚገባበት፣ አንድ እግር ቀጥ ብሎ የሚዘረጋበት። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

ጀልባው አለቀ። ተሳቢውንም ከአሮጌ የመኪና እግር ሠራለት። ቀጥሎ የሚጎትት መኪና ጠፋ። ዕቁብ ደርሶት ነበርና ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጁ፣ አቶ መብራቱ የሚባል፣ ሁለት አሮጌ ላንድሮቨር አለኝ ና እይ አለው። አብሬው ሄድሁ። አንዱ አጭር ሻንሲ፣ ቤንዚን፣ አረንጓዴ፣ ሸራው ገና ያልተቀደደ፤ አቤት ሲያምር። ሌላው ረጅም ሻንሲ፣ ናፍጣ፣ ቀለሙ አመድ የመሰለ፣ ጠዋት ሲነሣ ሰፈር የሚቀሰቅስ። አቶ መብራቱ በእርጋታ አስረዳን። አጭሩ ቀላል ነው፣ ጠባብ ቦታ ይዞራል፣ እንዲህ ላለች ጀልባ ጉልበቱ ይበቃል፤ ጣጣው ቤንዚን በኩፖን መሆኑ ነው። ረጅሙ ዝግ ይላል፣ ግን የያዘውን አይለቅም፤ ናፍጣም ከቤንዚን ይሻላል፣ ይገኛል፤ ከኋላም ወንበሩን ካነሱት ሰው ይተኛበታል። ግርማ አጭሩን እየዞረ ይዳብሰዋል። ልቡ እዚያ ነው። ደግሞም ምክንያት አለው፤ ያንን ጠማማ ቅያስ ገብቶ፣ ጭቃውንና ቦዩን አልፎ፣ ጀልባውን ከግቢ መጎተት የሚችል አጭሩ ብቻ ነው። ረጅሙ ቅያሱ አፍ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም።

የአባባ እግር ግን አጭሩ ውስጥ አይዘረጋም። ከፊት ቢያስቀምጧቸው ከመሪው ሥር ያለው ሳንቃ እግራቸውን ይገታዋል፤ ከኋላ ያለችው ወንበር የጎን ናት፣ ጉልበት ማጠፍ ትፈልጋለች። ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ። አጭሩን ከገዛ ጀልባው ይወጣል፣ አባባ ግን ለሐይቁም ለሆስፒታሉም መሄጃ የላቸውም። ረጅሙን ከገዛ አባባ እንደ ልባቸው ተዘርግተው ይሄዳሉ፣ ጀልባው ግን ግቢ ውስጥ የዶሮ ቤት ይሆናል። አጭሩን ለአንድ ቀን ተዋሰው አልሁት፤ የእንፍራንዝ ሰው ቀብድ ሊሰጥበት ነገ ይመጣል፣ አንተ ካልወሰድኸው የእሱ ነው ተባለ። ጎረቤቶቹ በሸክም ያውጡልህ ብዬ ብመክረው ደግሞ እሳት ሆነ። ሲስቁብኝ የከረሙትን ነው የምለምነው አለ። ማታ እራት ሳይበላ ተቀመጠ።

«ጀልባህን ነው ወይስ አባቴን?» አልሁት።

«አቦ ተይኝ፣ ብርቄ» አለ። «ጀልባው እኮ ለማን ነው?»

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

በነጋታው ቤታችን ተተራመሰ። የአባባ መቋሚያ ጠፋ። ከራስጌያቸው የማትለይ፣ መምህራቸው ያወረሷቸው፣ ጫፏ በእጅ ብዛት የለሰለሰች መቋሚያ። አልጋ ሥር ፈለግን፣ ጓዳ ፈለግን። አባባ ጸሎታቸውን ተቀምጠው አደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ እህልም አልቀምስም አሉ። ከሰዓት በኋላ ግርማ መጣ፤ መቋሚያዋን በእጁ ይዟል። መካከሏ ላይ በነጭ ጠመኔ ተሠምሮባታል፤ እጀታዋ ላይ ግራሶ አለ። እኔ ክው አልሁ። ሥጋ ወደሙ የቀረበ ሰው የሚይዛትን ዕቃ ጋራዥ ለጋራዥ ይዞ ዞሯል። አባባ ቀና አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አናገሩት።

«መቋሚያዬን ምን ልታደርግባት ወሰድሃት?»

ግርማ ቆቡን አወለቀ። ሌሊት ተኝተው ሳሉ እግራቸውን በመቋሚያዋ ለክቶ ምልክት አድርጎ፣ ጠዋት ጋራዥ ይዟት ሄዶ፣ አጭሩ ውስጥ አግድሞ ቢሞክር፣ አቁሞ ቢሞክር፣ አጋድሞ ቢሞክር አልገባ ብሎታል። ሜትር ነበረው እኮ፤ ግን ሜትሩ ቁጥር ነው የሚነግረኝ፣ እኔ ደግሞ የእርስዎን እግር ነው የፈለግሁት አለ። ረጅሙ ውስጥ ስትዘረጋ ጠርዝ አልነካችም። ረጅሙን ገዛሁ አለ። ይሄን ሲል ወደ ግቢው፣ ወደ ጀልባው አላየም። አባባ መቋሚያዋን ተቀበሉ፤ ግራሶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጠመኔውን ግን አልጠረጉትም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩና «ጠላ ጥመቂ» አሉኝ።

ጠላው ለምን እንደሆነ የገባኝ ለጥምቀት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ በዕለተ ሰንበት ነው። አባባ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የዕድሩን ዳኛ አስጠርተው ደቦ ጠርቻለሁ አሉ። ግርማ መለመን ያቃተውን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ከገጠር ገብቶ ፋብሪካ የተቀጠረው፣ የኮሌጁ መምህር፣ የቴሌው ሠራተኛ፣ ግማሹ ትግሬ፣ ግማሹ ወሎዬ። የቀበሌው ሊቀ መንበርም ይሄ ስብሰባ ፈቃድ አለው ወይ ሊል መጥቶ፣ ጠላ ቀምሶ እጅጌውን ሰበሰበ። አባባ በር ላይ ወንበር አስወጡ፤ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው መቋሚያቸውን ያዙ።

«ጣራ አንሥታችሁ ታውቁ የለም?» አሉ። «ይሄም ጣራ ነው፤ የተገለበጠ ጣራ።»

በእኛ አገር የሣር ቤት ሲሠራ ጣራው መሬት ላይ ተዋቅሮ ያልቅና፣ ወንዱ ሁሉ ዙሪያውን ገብቶ በአንድ ድምፅ ብድግ አድርጎ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል። ብልሃቱ ጉልበት አይደለም፤ እኩል መተንፈስ ነው። ይሄን ለግርማ ማን ይንገረው፤ ድሬ ጣራው ቆርቆሮ ነው። አባባ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱና አዜሙ፤ ወንዱ ተቀበለ፤ ጀልባው ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። በየምቱ አንድ እርምጃ። ቅያሱ ሲጠብ ግማሹ አጎንብሶ ከሥር ገባ፤ ቦዩ ጋ ሲደርስ ከወዲህ ያሉት ሰጡ፣ ከወዲያ ያሉት ተቀበሉ። ሲስቁበት የከረሙት ናቸው የተሸከሙለት። እኔና ሴቶቹ እልልታውን አቀለጥነው። ግርማ መሐል ሆኖ እየተሸከመ ፊቱ በላብ ይሁን በእንባ ርሶ ነበር፤ ጠይቄው አላውቅም። ቅያሱ አፍ ላይ ያ አመድማ ረጅም ላንድሮቨር ተሳቢውን አስሮ ቆሞ ይጠብቃል።

ለጉዞው ቀን ከመኪናው ኋላ ፍራሽ አነጠፍሁ፤ ትራስ፣ ጋቢ፣ ሁሉን አሰናዳሁ። ከንጋት ነው የተነሣነው፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታልና። አባባን ደግፈን አመጣናቸው። የተከፈተውን የመኪናውን በር አዩ፤ ተሳቢው ላይ ያለውን ጀልባ አዩ፤ ያንን ረጅም መቀመጫ አዩ። በመቋሚያቸው ወደ ጀልባው ጠቆሙ። እዚህ ነው የምቀመጠው አሉ። ብንለምን፣ ብንማልድ እምቢ። ሊያሻግረኝ የሠራው ይሄን አይደል፣ እንግዲያው ከደጄ ጀምሬ እሳፈራለሁ አሉ። ያ ሁሉ ልኬት፣ ያ ሁሉ ፀብ ቀርቶ ፍራሹ ላይ የጎረቤት ልጆች ተሳፈሩ።

እንዲህ ሆነን በዘንባባው ጎዳና ወረድን። ናፍጣው እየተንደቀደቀ፣ ግርማ በአንደኛ ማርሽ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው፤ ከኋላ ጀልባ፣ ጀልባው ውስጥ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጥላ ዘርግተው፣ በደረቅ መሬት ላይ። ብስክሌተኛው ወርዶ ይሳለማል። ታቦት የመጣ የመሰላቸው ባልቴቶች መንገድ ላይ ሰገዱ። አባባ ሁሉንም በመስቀል ምልክት እየባረኩ አለፉ። እኔ ከፊት ተቀምጬ በሳቅና በልቅሶ መሐል ነበርሁ። ዳርቻው ስንደርስ ግርማ ተሳቢውን ወደ ኋላ እየገፋ ውሃ አስገባ፤ ተውሶ ያመጣው ትንሽ ሞተር ተገጠመ፤ ጀልባው ተንሳፈፈ። አባባ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ከመሬት ወደ ሐይቅ ተሸጋገሩ። ደንገሉ ረጥቦ ይሸታል፣ ናፍጣው ከዳር ሆኖ ይሸታል። ለእኔ የደስታ ሽታ እስከ ዛሬ ይሄው ነው።

ዘጌ ስንደርስ ካህናቱና ደቀ መዛሙርቱ ዳር ወርደው ይጠብቁ ነበር። ግርማ ቀድሞ ውሃ ውስጥ ዘሎ ገመዱን ይዞ ጀልባውን ይጎትታል፤ ሱሪው እስከ ጭኑ ርሷል። አንድ ሽማግሌ ቄስ የአባቴን ትከሻ ስመው «መሪጌታ፣ ማን አመጣዎ?» አሏቸው።

አባባ ወደ ግርማ አዩ። «ልጄ ነው» አሉ።

ግርማ ገመዱን ለቀቀው። ጀልባው አባባን እንደያዘ ወደ ኋላ ሄደ፤ ደቀ መዛሙርቱ ልብሳቸውን እንደለበሱ ውሃ ገብተው ነው የያዙት። አባባ ጥላቸውን እንደያዙ ይስቁ ነበር፤ አባቴ ሲስቁ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ ያ ነው። ጥምቀቱን ቆሙ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጥምቀት ቆሙ። ረጅሙ ላንድሮቨር ለስንት ምጥ፣ ለስንት ቀብር፣ ለስንት ሠርግ አገለገለ፤ በስተርጅና ለአንድ የአንበሳሜ ነጋዴ ሸጥነው። ጀልባውን ዝገት በላው። አባባ ሲያርፉ መቋሚያዋን ለግርማ ነው የተናዘዙለት፤ ያለ ክህነት፣ ያለ ዜማ፣ ለድሬ መካኒክ። ጠመኔው ከጠፋ ቆይቷል፤ ግርማ ግን ምልክቱ የቱ ጋ እንደነበረ በጣቱ ያሳይዎታል።

ትናንት ገመቹ መልሱን ሊሰማ ተመልሶ መጣ። ግርማ ዘንድሮ ጉልበቱ እየያዘው ነው፤ ከወንበር ሲነሣ ጠረጴዛውን ይደገፋል። አጭሩ ለጀልባዋ ከበቂ በላይ ነው አለው፤ ይረክሳል፣ ይዞራል፣ ምን አለፋህ፣ እሱን ግዛ አለው። እኔ ገርሞኝ ዞር አልሁ። ገመቹ አንገቱን ደፋ አድርጎ ስልኩን አሻሸ።

«እሱንስ እኔም አውቄዋለሁ ጋሼ» አለ። «አጭሩ መኪና ግን ለእርስዎ ጉልበት አይመችም። ከሜሮን ጋር ገብተን ሞከርነው። ለዚያ ነው የጠየቅሁዎ።»

ግርማ ወደ ግድግዳው አየ፤ መቋሚያዋ የተሰቀለችው እዚያ ነው።

«እንግዲያው ረጅሙን ግዛ፣ ልጄ» አለው።

እኔ ሰሐን ላጥብ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የሚታጠብ ሰሐን አልነበረም።